ዲፈረንሻሉን ተወው፣ መጀመሪያ ጎማህን አሳየኝ

ሀዋሳና አለታ ወንዶ እየተመላለሰ ቡና የሚነግድ አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የ2003 (በፈረንጅ) ራቭፎር አለችኝ፤ አውቶማቲክ፣ ሁልጊዜ ፎር ዊል። ጠዋት ደህና ናት። ከመንገድ ስመለስ ግን ገብርኤል አደባባይ ላይ መሪውን ሙሉ ስጠመዝዝ ከሥር ታጉረመርማለች፤ ፍሬን እንደያዛት ወደፊት አልሄድም ትላለች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ወደ ሁላ ስወጣ ጭቃ ያዘኝ። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማ ብቻ እየዞሩ ቆማ ቀረች። አንድ ጋራዥ የኋላውን ዲፈረንሻል በኤልኤስዲ እንቀይርልህ አለኝ። ያዋጣኛል?»

ወንድሜ፣ አሁን አያዋጣህም። ዲፈረንሻል ጉልበትን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል የጥርስ ዕቃ ነው፤ ኤልኤስዲ ደግሞ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሾር የሚገድበው ዓይነት። የጻፍክልኝ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ ጋራዡ ግን በአንድ ዕቃ ሊሸጥልህ ፈልጓል።

ከማጉረምረሙ ልጀምር። የላክልኝን ፎቶ እንዳየሁ ጥርጣሬዬ ጎማህ ላይ አረፈ። የፊቶቹ አዲስ ናቸው፤ የጎማው ፀጉር እንኳ አልረገፈም። የኋላዎቹ መላጣ ናቸው። ሌላ መኪና ላይ ቢሆን ዝም እልህ ነበር። ያንተ ግን አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የተያያዘ ነው።

215/70 በ16 ጎማ አዲስ ሲሆን ዙሪያው 2 ሜትር ከ22 ሳንቲም ገደማ ነው። ጥርሱ ከ8 ሚሊሜትር ወደ 2 ሲወርድ ዙሪያው ወደ 4 ሳንቲም ያጥራል። ትንሽ ትመስላለች። በወረቀት ስታሰላው ግን አሮጌው ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ7 ዙር በላይ ይጨምራል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ ስትደርስ ከ2000 ዙር በላይ ሆነ። ይህን ልዩነት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው በፊቱና በኋላው መሃል ያለው ቪስከስ ነው። ቪስከስ የታሸገ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ስስ የብረት ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለ። የፊትና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይይዛል። ጠዋት ደህና ሆና ከመንገድ ስትመለስ የምታጉረመርመው ለዚህ ይመስለኛል።

እንዲህ ፈትሻት። ሞተሩ ይጥፋ። ማርሹ ኤን ላይ ይሁን፤ ፒ ላይ ካደረግከው ምርመራው ይበላሻል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹን በሽብልቅ አስር። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና በመቆሚያ ደግፈው፤ በድንጋይ አይደለም። የተነሳውን ጎማ በእጅህ አዙረው። እየተጎተተ፣ እንደ ማር እየከበደ ከዞረ ቪስከሱ ጤነኛ ነው። እንደ ብስክሌት ጎማ ከዞረ ሞቷል። ዘንግ ጨምረህም ንቅንቅ ካላለ ደርቋል። ከመንገድ እንደተመለስክ፣ ትኩስ እያለች ደግመህ ሞክር።

አደራ፦ ሁልጊዜ ፎር ዊል የሆነን መኪና አንድ ጎማ ወይም አንድ ወገን ብቻ አንስተህ ሞተር አስነስተህ ማርሽ እንዳታስገባ። መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች ይገፏታል፣ ከክሪኩ ላይ ትዘላለች።

አሁን ወደ ጭቃው። ሁለት ጎማ በሰያፍ ከዞረ መሃሉ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ለፊትም ለኋላም ጉልበት ሰጥቷል። የቀረህ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ነው። ይህን ለማስረዳት እኔ ሁልጊዜ ወደ እርሻ እሄዳለሁ። ተለማማጆቼ ሰልችቷቸዋል፤ አንተ ታገሰኝ።

ሁለት በሬ ጥመድ። ቀንበሩ መሃሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ታስሯል። ስለዚህ ቀንበሩ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይችላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማሳው ጫፍ ላይ ሲዞሩ የውጭው በሬ ቀድሞ ይራመዳል፣ የውስጡ ይዘገያል፣ ማንም አይጎዳም። ዲፈረንሻልም ለዚሁ ተሠራ፤ መታጠፊያ ላይ የውጭው ጎማ ብዙ ይሄዳል። አሁን አንዱ በሬ ለገመ እንበል። ብርቱው በሬ ቢስብ ምን ይሆናል? ቀንበሩ ይዞራል እንጂ ሞፈሩ አይንቀሳቀስም። ብርቱው ማረስ የሚችለው የለገመው በሬ በሳበው ልክ ብቻ ነው። በመኪና ጉልበቱ ከመሃል ወደ ጫፍ ስለሚሄድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው። ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፣ ስለዚህ ደረቅ ላይ የቆመውም ያችኑ ትንሽ ያገኛል። ሰው ግን «ጉልበቱ ሁሉ ወደሚዞረው ሄደ» ይላል። አልሄደም። ሁለቱም እኩል ተቸገሩ። ያንተ መኪና ደግሞ ሦስት ቀንበር አላት፤ መሃል፣ ፊትና ኋላ። የመሃሉን ቪስከሱ እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል። ኤልኤስዲ ማለት የኋላውንም ቀንበር በገመድ ጠበቅ ማድረግ ነው። ሎከር ማለት ደግሞ በሚስማር መምታት፤ አስፋልት ላይ ስትታጠፍ አንዱ በሬ ይሰበራል።

ኤልኤስዲም ዓይነት አለው። በጥርስ ብቻ የሚሠራው ቶርሰን የላላውን ጎማ ጉልበት አባዝቶ ለያዘው ይሰጣል። ግን ጎማው አየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚያባዛው የለም፤ ዜሮን ምን ታባዛዋለህ? ያን ጊዜ ፍሬኑን ለጥቂት ሰከንድ ለስለስ አድርገህ እየረገጥክ ነዳጅ ስጥ። ፍሬኑ የለገመውን በሬ ሥራ ይሠራልሃል። ይህ ግን ቶርሰን ላለው ነው፤ ባንተ ተራ ዲፈረንሻል ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማ እኩል ስለሚይዝ ብዙም አይረዳህም።

ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ውስጥ የምትውል ከሆነ ኤልኤስዲ ያዋጣል። በዓመት ሁለት ሦስቴ ከሆነ ጥሩ የጭቃ ጥርስ ያላቸው አራት እኩል ጎማዎች ይበልጡብሃል። ለማንኛውም ያገለገለ ዲፈረንሻል ስትገዛ የጥርሱ ሬሾ (የትልቁና የትንሹ ጥርስ ብዛት ንጽጽር) ካንተው ጋር አንድ መሆኑን አስቆጥር። ካልገጠመ ፊትና ኋላ በተለያየ ፍጥነት ይነዳሉ፤ አሁን በጎማ የተቸገርከውን አሥር እጥፍ አድርገህ ገዛኸው ማለት ነው። «ይገጥማል፣ ቡሎኑ አንድ ነው» የሚልህን አትስማ። ኦሪጅናል የሚል ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ርካሽ ኩሽኔታም ካርቶኑ ብቻ ነው ኦሪጅናሉ። ስድስት ወር ሳይሞላው ማፏጨት ይጀምራል።

ከዚህ በፊት የተበላሸ ጥገና ተሠርቶባት እንደሆነም ፈትሽ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች ራቭፎር መጣችልኝ፤ ጉልበት ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅሙ ዘንግ «ነዳጅ ይቆጥባል» ተብሎ ወልቋል። ቪስከሱ ብቻውን ሁሉን ሲሸከም ተቃጥሎ ነበር። ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሞተር ዘይት፣ ክዳኑ ዙሪያ ደግሞ እንደ ቅቤ የተለቀለቀ የማሸጊያ ሲሊኮን። ያንተም ዘይት አይታመንም። ለኋላው ዲፈረንሻል ጂኤል 5 የሚል የጥርስ ዘይት ግዛ፣ ከ1 ሊትር ብዙ አይበልጥም። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍታ፤ እሱ እምቢ ካለህ የማፍሰሻውን አትንካ። የወጣው ዘይት ውስጥ ጥቁር ዱቄት ቢኖር አትደንግጥ፤ የብረት ስንጥር ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ስለዚህ አራቱንም ጎማ በአንድ ዓይነትና በአንድ መጠን ቀይር፣ ነፋሱን እኩል አድርግ፣ ዘይቱን ለውጥ፣ ከዚያ ሁለት ሦስቴ አለታ ወንዶ ተመላለስ። ማጉረምረሙ ከቀረ ገንዘብህን ይዘህ ተቀመጥ። ካልቀረ ቪስከሱ ነው፣ እናወርደዋለን። እስከዚያ ግን ክሪክ ላይ አስነስተህ ጎማ ሲዞር ለማየት እንዳትሞክር፤ ሁለቴ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ወደኔ ስታመጣት ጠዋት አይሁን፤ ከመንገድ እንደተመለስክ፣ ሳትበርድ አምጣት።