ደብል አይፒኤ ለመጥመቅ ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ልጆቼ፣ ከሌላ አገር የመጣ የቢራ አጠማመቅ ስታገኙ ለአገራችን ከፍታ ሳታሰሉት ሥራ እንዳትጀምሩ። ዕድሜዬን በጠመቃ ሥራ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ብቻ ተስፋ ቆርጠው ሲተዉት ማየት ያንገበግበኛል።

ደብል አይፒኤን የጀመረው አሜሪካዊው ጠማቂ ቪኒ ሲሉርዞ እንደሆነ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በካሊፎርኒያ። ምሬቱ ብርቱ፣ የሆፕስ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) ሽታው የጎላ፣ አልኮሉም ከ7.5 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ቢራ ነው። ምሬቱ የሚገኘው ከሆፕሱ አልፋ አሲድ ሲሆን፣ እሱም በፍላት ሙቀት ካልተለወጠ አይመርም። ጠላ እያያችሁ ላደጋችሁ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ጌሾ ጥንስሱ ውስጥ ሳይፈላም ምሬቱን ይሰጣልና።

እንግዲህ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ይደርሳል። ቴርሞሜትር ከታችሁ ራሳችሁ እዩት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ92 ዲግሪ አልፋ አሲዱ የሚለወጥበት ፍጥነት በ100 ዲግሪ ከሚለወጥበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ የአጠማመቁ ወረቀት 60 ደቂቃ አፍሉ ካለ፣ ደሴ ላይ 90 ደቂቃ አፍሉ፤ የመምረሪያውን ሆፕስም በሩብ ያህል ጨምሩ። ወረቀቱ 40 ግራም ቢል 50 ይሁን። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከዚህ ጥቂት ቀንሱ። የሚተንነውን ውሃ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ለ20 ሊትር 6.3 ኪሎ ነጣ ያለ የገብስ ብቅልና 450 ግራም ስኳር እመክራለሁ። ስኳሩ አልኮሉን ሲያነሳ ቢራው እንዳይወፍር ያደርጋል፤ ወፍራም ደብል አይፒኤ ደግሞ አፍ ላይ ይከብዳል። ቀለም ያለው ካራሜል ብቅል አታብዙ፤ እኔ ጨርሶ ብትተዉት ደስ ይለኛል። በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን እፍጋት በሚለካው መሣሪያ) ከመብላላቱ በፊት መነሻው 1.075 ገደማ፣ ሲያበቃ መጨረሻው 1.012 ከሆነ አልኮሉ 8.3 በመቶ ይሆናል። ይህ ከለመዳችሁት ጠርሙስ ቢራ በጣም የበረታ ነውና በትንሽ ብርጭቆ ቅዱት።

ለሽታው ሲምኮና ሴንቴኒያል የሚባሉት የሆፕስ ዓይነቶች ግሩም ናቸው። እሳቱን አጥፍታችሁ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሲወርድ ከፊሉን ጨምሩ፤ ሽታ የሚሰጠው የሆፕሱ ዘይት በእንፋሎት ብዙ አይባክንም። ቀሪውን፣ 140 ግራም ያህል፣ መብላላቱ ሊያበቃ ሲል ጨምራችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን አቆዩት። ከዚህ በኋላ አየር እንዳይገባው ጠንቀቅ በሉ፤ ኦክስጅን የሆፕስን ሽታ በፍጥነት ይገድላል።

እርሾው 22 ግራም ደረቅ ይበቃዋል፤ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ይወዳል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያስተኛዋል፣ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ሲሞቅ ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል ይፈጥራል፣ ዕቃውን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት።

ሃይድሮሜትሩ ለ3 ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳይ ግን ጠርሙስ ውስጥ አትጨምሩት፤ ያልጨረሰ ቢራ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ከዘጋችሁት በኋላም ሽታው ሳይደበዝዝ፣ ብዙ ሳታቆዩ ጠጡት።