«የታይላንዱን እንዳትነካ» ላሉህ ሰዎች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያገለገለ ትራያምፍ ቦነቪል ሞተር ሳይክል ልትገዛ አስበሃል። ጓደኞችህ ደግሞ «የታይላንዱን እንዳትነካ፣ እንግሊዝ የተገጠመውን ፈልግ» ብለውሃል። እውነት ልዩነት አለው ወይ፣ ይህን ያህል ስም ያለው ፋብሪካስ ለምን አገሩን ጥሎ ይሄዳል ነው ያልከው። እዚህ መሃል እንግሊዝ የሞተር ጋራዥ ከገባሁ አስራ አራት ዓመቴ ነው። ዶሮ ከበለትኩት ይልቅ የፈታሁት ቦነቪል ይበዛል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርህ። እኔም እንዳንተ ተመክሬ ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የ2003 ቦነቪል አገኘሁ። ሂንክሊ፣ ማለትም እዚህ እንግሊዝ ያለው የትራያምፍ ፋብሪካ የተገጠመ ነው። ሻጩ ስለ ሞተሩ ትንሽ፣ ስለ አገሩ ግን ብዙ አወራ። እኔም «ኦሪጅናል» የምትለዋ ቃል አሰከረችኝና ከገበያው ዋጋ በላይ ከፈልኩ። ቤት አምጥቼ የኋላውን ጎማ ልፈታ ስል የሰንሰለቱ ማስተካከያ ቡሎን ንቅንቅ አልል አለ። ከነቤቱ ዝጎ አንድ ሆኗል። ዘይት ቀባሁት፣ አሞቅኩት፣ ለመንኩት። መጨረሻ ላይ እጄ ላይ ቀንጠስ አለ። ሰውየው ስንት ክረምት ነድቶት አንድ ቀን በወጉ ሳያጥበው እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው። እዚህ አገር በረዶ እንዳይጋገር መንገድ ላይ ጨው ይረጫሉ። ያ ጨው በአንድ ክረምት ስንቱን ብረት እንደሚበላ ለማመን ማየት አለብህ።

እየፈታሁ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ካርቡራተሩ ኬሂን፣ ሾኩ ካያባ፣ ፍሬኑ ኒሲን። ሦስቱም የጃፓን ስሞች ናቸው። ሦስቱም ምርጥ እቃ ናቸው፤ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ግን «የእንግሊዝ ነው» ብዬ የጨመርኩት ገንዘብ ለየትኛው ቡሎን እንደሆነ እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ይሄን በብዛት የሰማሁት ከቀድሞ አለቃዬ ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ሜሪደን ፋብሪካ ሠርቷል። ትራያምፍን የመሠረተው ከኑረምበርግ የመጣ ጀርመናዊ ነው፣ ሲግፍሪድ ቤትማን ይባላል። ኮቨንትሪ ላይ የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል ያወጡት በ1902 ነው። በኅዳር 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪን ሲያነዷት ፋብሪካውም አብሮ ነደደ። ከዚያ ወደ ሜሪደን መንደር ሄዱና በ1942 ሥራ ጀመሩ። ሰው «እውነተኛው» የሚለው ቦነቪል የተወለደው እዚያ ነው።

በ1973 ባለቤቶቹ ሜሪደንን እንዘጋለን አሉ። ሠራተኛው በሩን ዘግቶ አላስወጣም አላስገባም አለ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ እንዲያ ቆዩ። በ1975 መንግሥት አበድሯቸው ፋብሪካውን በማኅበር ያዙት። እስከ 1983 ታገሉ፣ ከዚያ ወደቀ። አለቃዬ ስለዚያ ዓመት ሲያወራ እጁ ላይ ያለውን መፍቻ ያስቀምጣል። ሌላ ጊዜ እያወራ ነው የሚሠራው።

ስሙን የገዛው ጆን ብሎር የሚባል የቤት ግንባታ ባለሀብት ነው። ሂንክሊ ላይ አዲስ ፋብሪካ ሠራና አዳዲሶቹ ሞተሮች በ1991 ገበያ ወጡ። እንግዲህ አስተውል። ሂንክሊ ሜሪደን አይደለም። ሕንፃው ሌላ፣ ማሽኑ ሌላ፣ ሞተሩም ከባዶ ወረቀት የተነሳ ነው። «ታይላንድ ሄዶ ዘሩ ጠፋ» የሚልህ ሰው ዘሩ አንዴ ከዚያ በፊት መቋረጡን ረስቶታል።

ደግሞ ለድሮዎቹ ብዙም አትናፍቅ። የሜሪደኑ ሞተር ክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) የያዘው ቤት ለሁለት የተከፈለው ከላይ ወደ ታች፣ በቁሙ ነው። መጋጠሚያው እስከ ታች ድረስ ይወርዳል። ማሸጊያው ትንሽ ከደከመ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። አለቃዬ ራሱ የሚወዳት አንዲት የ1970ዎቹ ቦነቪል አለችው። ከሥሯ ካርቶን ጠፍቶ አያውቅም። መፍቻዋም ለብቻው ነው፤ የሚሊ ሜትሩ አይገጥማትም።

ታይላንድን በተመለከተ፣ ጉዳዩ እንደሚወራው በአንድ ሌሊት የሆነ አይደለም። ትራያምፍ ቾንቡሪ የሚባለው ግዛት ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2002 አካባቢ ነው።  በ2000ዎቹ አጋማሽ የቦነቪል መገጣጠም ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞረ። በየካቲት 2020 ደግሞ የቀረው የብዛት ምርትም ይሄዳል፣ ሂንክሊ ዲዛይንና ምርምር ላይ ያተኩራል ተባለ። ሂንክሊ ላይ ወደ 50 ሠራተኛ ነበር የሚነካው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው አብዛኛው ሥራ ቀድሞ ስለሄደ ነው።

ለምን? ሰው ሁሉ «ርካሽ ጉልበት» ብሎ ይዘጋዋል። አንዱ ምክንያት ነው፣ አልክድም። ግን ርካሽ ጉልበት ሌላም ብዙ ቦታ አለ። ታይላንድ ያላት ሌላ ነገር ነው። ሆንዳና ያማሃ እዚያ ለአሥርት ዓመታት ሞተር ሠርተዋል። በዚህ የተነሳ ቸርኬ የሚያፈስ፣ ሻንሲ የሚበይድ፣ ክሮም የሚነክር፣ ኤሌክትሪክ ገመድ የሚያስር ድርጅት በየቦታው ሞልቷል። የጎደለ እቃ መኪና ላይ ተጭኖ ጠዋት ይደርሳል። እንግሊዝ ውስጥ ያ ሁሉ ሰፈር በ1970ዎቹና 80ዎቹ ከነጋራዡ ጠፍቷል። ገበያውም ወደ እስያ ዞሯል።

ቀረጥም አለበት። ሃርሊ ዴቪድሰንን ተመልከት። በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ከአሜሪካ በሚገባ ሞተር ላይ ቀረጡን ከ6 በመቶ ወደ 31 በመቶ አሳደገ። ኩባንያው በአንድ ሞተር ወደ 2,200 ዶላር ይጨምርብናል ብሎ ለአውሮፓ የሚሸጠውን ውጭ አገር እንሠራለን አለ። ትራምፕ ተቆጡ። ታይላንድ ራዮንግ ላይ ያለው ፋብሪካቸው ግን ቀድሞውኑ የታቀደ ነበር።

ሮያል ኤንፊልድ የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ሞተር ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። በ1955 ሕንድ ውስጥ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ላይ «ቡሌት» የሚባለውን ሞተራቸውን ለሕንዶች መገጣጠም ጀመሩ። እንግሊዝ ያለው ፋብሪካ በ1970 ጨርሶ ተዘጋ። የማድራሱ ቀጠለ። ልጅ አባቱን ቀብሮ ርስቱን ወረሰ ማለት ነው። በ1977 ጭራሽ ቡሌትን መልሶ ለእንግሊዞች መሸጥ ጀመረ።

ወደ አንተ ልመለስ። ጋራዥ ውስጥ የማየው ምንድነው? የታይላንዶቹ ቦነቪሎች ቀለም ጥሩ ነው። ብየዳው ንጹህ ነው። አንዴ የአንዱን ታንክ አንስቼ ከሥሩ በቀጭን ብሩሽ የተጻፉ ሁለት ፊደላት አየሁ። ጎኑ ላይ ያለውን ወርቃማ መስመር በእጁ የሳለው ሰው ምልክት ነው። አሥር ደቂቃ ቆሜ መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት፣ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። ችግር የላቸውም እያልኩህ አይደለም። የማርሚታው ቱቦ መውጫ ቡሎኖች ይዝጋሉ፣ የፊት ሾክ ዘይት ማስቀሪያ ጎማ ያልቃል። የሂንክሊዎቹም እንደዚያው ናቸው።

ልዩነት ፈልገህ ከሆነ አገሩን ትተህ ዓመቱን እይ። እዚህ አውሮፓ እስከ 2008 ገደማ ካርቡራተር ነው። ከዚያ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው) መጣ፣ ግን ካርቡራተር አስመስለው ነው የሠሩት። ደንበኛ ሲያይ «ኧረ የድሮው ነው!» እንዲል ነው መሰለኝ። እኔ ግን ስፈታው ሁሌ ያስቀኛል። ከ2016 ወዲህ ያለው ቲ120 የሚባለው ቦነቪል ደግሞ 1200 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ፈጽሞ ሌላ ሞተር ነው። ራስህ መጠገን የምትወድ ከሆንክ 865 ሲሲ የሆነውን በአየር የሚቀዘቅዝ ውሰድ። ለመንዳት ብቻ ከሆነ ቲ120።

አንድ ነገር ግን ለጓደኞችህ እሰጣቸዋለሁ። ዋጋው አልረከሰም። ምርቱ ርቆ ሄዶ ሻጩ ጋ የተለጠፈው ቁጥር ሲወርድ አላየሁም። በዚህ ቢናደዱ አልፈርድባቸውም።

ደግሞ ሳልረሳው። እኔ መካኒክነት የጀመርኩት ሀዋሳ ባጃጅ እየጠገንኩ ነው። ከ2023 ጀምሮ የሚሸጠውን ትራያምፍ ስፒድ 400 የሚሠራው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ያው ባጃጅ ነው፣ ሕንድ ውስጥ ፑኔ አጠገብ ቻካን። ዲዛይኑ የሂንክሊ ነው። የመጀመሪያው ጋራዣችን ሲገባ አለቃዬ አፍንጫውን ነፋ። እኔ ግን የድሮ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አልኩ። ነድቶ ሲመለስ ምንም አላለም። ከሳምንት በኋላ ግን ለሰርቪስ ስናስገባው «እኔ ልሞክረው» ብሎ ቁልፉን ቀደመኝ።

ልታየው ስትሄድ ባትሪ ያዝና ከሥር ተንበርከክ። የሰንሰለት ማስተካከያውን ቡሎኖች፣ የኋላ ሾኩን የታችኛውን ዳዶና የማርሚታውን መጋጠሚያ አይተህ ፎቶ አንሳ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቅህ ለሻጩ ቀድመህ ንገረው፤ ስትደርስ ከሞቀ ጠርጥር። የሰርቪስ ደብተሩን ጠይቅ። ፎቶዎቹን እዚህ ለጥፍልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አያቸዋለሁ።