«ምርጡን ክፍል ሰርዙ» ወይስ «የተመረጠውን ክፍል ሰርዙ»?

ጥያቄ፦ በአንድ ፎቶ ቤት ለጀማሪ ሠራተኞች የፎቶሾፕን አጠቃቀም አሠለጥናለሁ። የጉርድ ፎቶን ዳራ ወደ ነጭ ስለ መቀየር ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ግድግዳውን ከመረጣችሁ በኋላ ምርጡን ክፍል ሰርዙ» ብዬ ብጽፍ ሠልጣኞቹ ሳቁብኝ። «ሰለክት አድርጉ» ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ቅር ይለኛል። ትክክለኛው አነጋገር የትኛው ነው?

መልስ፦ ሠልጣኞቹ የሳቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም ስሕተቱ ያለው በግሡ ላይ ሳይሆን ከግሡ በወጣው ቅጽል ላይ ነው። «መረጠ» ለዚህ ሥራ የሚበቃ ግሥ ነው፤ በአማርኛ በተዘጋጁ ስልኮችም «ሁሉንም ምረጥ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ችግር ሲሠራበት እናያለን። «ምርጥ» ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከ«ከፈተ» ክፍት፣ ከ«ሰበረ» ስብር እንደሚወጣ ሁሉ፣ በአወጣጡ «የተመረጠ» ማለት ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስ በግእዝ «ንዋየ ኅሩይ»፣ በአማርኛ «ምርጥ ዕቃ» ሲባል ይህ ጥንታዊ ፍቺ እስከ ዛሬ ይሰማል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ቃሉ ወደ ሙገሳ ተሻግሯል፤ ምርጥ ዘር፣ ምርጥ ተጫዋች፣ ምርጥ ምግብ ስንል የመረጠውን ሰው ረስተን ጥራቱን ብቻ እናስባለን። ስለዚህ «ምርጡን ክፍል ሰርዙ» የሚለውን ያነበበ ሠልጣኝ የፎቶውን ማለፊያ ክፍል እንዲያጠፋ የታዘዘ ቢመስለው አይፈረድበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅጽሉን ትተው «የተመረጠውን ክፍል» ይበሉ፤ ድርጊቱ በግልጽ ስለሚታይ ሙገሳው ይጠፋል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው «ምርጫ» የሚለው ስም ነው። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ዲ ሲጫኑ የሚሆነውን፣ ማለትም የተመረጠው ክፍል ከመመረጥ መውጣቱን፣ «ምርጫውን ሰርዝ» ብንል የምርጫ ቦርድ ውሳኔ ይመስላል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አይ ሲጫኑ የሚሆነውን ደግሞ «ምርጫውን ገልብጥ» ብንል ነገሩ የባሰ ይሆናል። «ገለበጠ» መንግሥትም ሊገለብጥ ይችላልና። ቀልዱን ትተን ቋንቋውን ብቻ ብናይ እንኳ፣ ይህ ግሥ የላዩን ወደ ታች ማዞርንም ጽሑፍን መቅዳትንም ስለሚይዝ፣ ሠልጣኙ የመረጠውን ይቅዳው ወይስ ፎቶውን ይዘቅዝቀው ሊለይ አይችልም። እኔ ለመጀመሪያው «ምርጫውን ልቀቁ»፣ ለሁለተኛው «ያልተመረጠውን ምረጡ» እላለሁ። ሁለተኛው ትንሽ ቢረዝምም የሚሆነውን ነገር በትክክል ይናገራል፤ ሰውየው ተመርጦ ከነበረ አሁን የሚመረጠው ከእርሱ ውጭ ያለው ሁሉ ነው። «ክልል» የሚለውን ቃል ለተመረጠው ቦታ መስጠትም ይቻል ነበር፤ «ከለለ» ወሰን አበጀ ማለት ነውና ከሥራው ጋር በጣም ይገጥማል፤ ነገር ግን እርሱንም ፖለቲካው ቀድሞ ወስዶታል።

«ሰለክት ማድረግ» ነውር አይደለም። አማርኛ የውጭ ቃልን «አደረገ» ከሚለው ግሥ ጋር አጣምሮ የራሱ ማድረግ የቆየ ልማዱ ነው፤ ሠራተኛው እርስ በርሱ ሲነጋገር ይህን ቢል አልከለክለውም። በጽሑፍ ግን «ምረጡ» የሚል አጭርና የታወቀ ቃል እያለ ወደ ውሰት መሄድ አያስፈልግም። የመሣሪያዎቹ ስም ግን ሌላ ነው። ላሶ (ዙሪያውን በእጅ እየሳሉ የሚመርጡበት) እና ማጂክ ዋንድ (አንድ ነጥብ ሲነኩ ተመሳሳይ ቀለም ያለውን የሚመርጠው) የተጸውዖ ስም ያህል ስለሆኑ እንዳሉ ይቀመጡ፤ «ሸምቀቆ» ለላሶ ከመልኩ ጋር ቢስማማም፣ ሠልጣኙ በስክሪኑ ላይ የሚያገኘው ስም ሌላ ስለሚሆን ፍለጋ ውስጥ ይገባል።

ቃል በቃል መተርጎም የሚያበላሸው በተለይ ቅንብሮቹን ነው። ማጂክ ዋንድ ከተነካው ነጥብ ቀለም ምን ያህል የራቀውን አብሮ እንደሚመርጥ የሚወስነው ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ ቶለራንስ የሚባለው፣ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል፤ በ0 ያንኑ ቀለም ብቻ ይመርጣል፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚርቀውንም ይጨምራል። ይህን «መቻቻል» ብሎ የተረጎመ ሰው አጋጥሞኛል፤ «የሚፈቀድ የቀለም ልዩነት» ቢባል ግን ማንም ይረዳዋል። ፌዘር የሚባለውንም «ላባ» ማለት ከንቱ ነው፤ «ጠርዙን ማደብዘዝ» ይበቃዋል። «ጠርዙን ማሳሳት» እንዳይሉም እጠነቀቃለሁ፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ከ«ሳሳ» የወጣው ማሳሳት ከ«ተሳሳተ» ከወጣው ጋር በጽሑፍ አይለይም። በአንጻሩ በተመረጠው ቦታ ዙሪያ የሚንቀሳቀሰውን ቁርጥርጥ መስመር ባለሙያዎቹ የሚጓዙ ጉንዳኖች ይሉታል፤ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመውጣቱ በፊት በ1984 በወጣው ማክፔይንት በተባለው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራም ላይም ነበረ። የጉንዳን ሰልፍ ያላየ አማርኛ ተናጋሪ ስለሌለ፣ ይህን እንዳለ መተርጎም ይቻላል።

እንግዲህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይስተካከላል፦ «ግድግዳውን በማጂክ ዋንድ ምረጡ፤ የጉንዳን ሰልፉ ፀጉሩን አልፎ ወደ ፊቱ ከገባ የሚፈቀደውን የቀለም ልዩነት ቀንሱና እንደገና ምረጡ፤ ጠርዙን በጥቂቱ አደብዝዙ፤ የተመረጠውን ክፍል በነጭ ሙሉና ምርጫውን ልቀቁ።»