ጸጋ ካዳነኝ ጉባኤ ለምን አስፈለገኝ?

ጥያቄ፦ ጌታን ከተቀበልኩ ዓመታት አልፈዋል። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን የቤት ኅብረቴ ግን ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ አባላቱ በየአቅጣጫው ተበተንን። አሁን የተመደብኩበት ኅብረት መሪ የተገኘና የቀረ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው፤ ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ስሙ ይጠራና «ከጸጋ እየወደቀ ነው» ተብሎ ይጸለይለታል። የእኔም ስም ከተጠራ ወዲህ መሄዱን ትቼ እሑድ እሑድ ስብከት በስልኬ እከታተላለሁ። በሮሜ 6፥14 እንደተጻፈው ከሕግ ሳይሆን ከጸጋ በታች ከሆንኩ፣ የግድ ጉባኤ መሄድ አለብኝ? የጌታን እራት መውሰድስ ይገባኛል?

እኅታችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በሰው መካከል ስምዎ ተጠርቶ ያፈሩበት ቀን ቀላል እንዳልነበረ ከጽሑፍዎ ይታያል፤ ስለዚህ በቅድሚያ የተባለው ነገር ልክ እንዳልሆነ ሳናድበሰብስ መናገር ይገባናል። «ከጸጋው ወድቃችኋል» የሚለው ቃል በገላትያ 5፥4 የሚገኝ ሲሆን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን የጻፈው ከስብሰባ ለቀሩ ሰዎች አይደለም። የጻፈው በክርስቶስ ማመን ብቻውን አይበቃም፣ መገረዝም ያስፈልጋል ተብለው በዚያ ሊጸድቁ ለፈለጉ ምእመናን ነው። እንግዲህ ጥቅሱ በቦታው ከተነበበ ተግሣጹ ይበልጥ የሚነካው መገኘቱን እንደ ጽድቅ የቆጠረውን ሰው ነው። ደብተሩ የታመመውንና የተቸገረውን ቤቱ ሄዶ ለመጠየቅ ቢውል ኖሮ ግን መልካም የእረኝነት መሣሪያ በሆነ ነበር።

ይሁንና ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ከጸጋ ትምህርት የሚወጣ አይደለም። የጠቀሱት ጥቅስ የሚጀምረው «ኃጢአት አይገዛችሁምና» ብሎ ነው፤ ከኃጢአት ጌትነት ነፃ መውጣትን እንጂ ከወንድሞችና ከእኅቶች መገላገልን አይሰብክም። እንዲያውም ስለ ጸጋ በሐዋርያት መካከል ከተነሡት አለመግባባቶች አንዱና የከረረው የተነሣው በማዕድ ዙሪያ ነው። በገላትያ ምዕራፍ 2 እንደምናነበው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ፣ ሌሎቹ አይሁድም ተከተሉት፣ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተሳበ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት የተቃወመው ጴጥሮስ የተሳሳተ ስብከት ስለ ሰበከ አልነበረም፤ ከወንድሞቹ ማዕድ ስለ ተነሣ ነው። ሰው በእምነት እንጂ በሕግ ሥራ አይጸድቅም የሚለው ታላቅ ቃል በዚያው ምዕራፍ ይህን ታሪክ ተከትሎ መጻፉ እኛን ሁልጊዜ ያስደንቀናል። እግዚአብሔር ሁለቱን በአንድ ጸጋ ከተቀበላቸው፣ አንዱ ከሌላው ማዕድ የሚርቅበት ምክንያት የለም። ቤተ ክርስቲያን የምንላት እንዲህ ተቀባይነት ያገኙት ሰዎች አብረው ሲኖሩ ነው፤ የካዛንቺሱ ቤት ሲፈርስ እርስዋ አልፈረሰችም።

ጠንከር ያለ ቃል ብንጨምር ይታገሡን። ኅብረቱ እንደሚገባው አልሆነም ብሎ ጨርሶ መራቅም በራሱ ሌላ ሕግ ነው፤ ለራስ ምሕረትን እየለመኑ ከሌላው ግን ጉድለት የሌለበትን ፍቅር መጠበቅ ይሆናልና። የቆሮንቶስን ጉባኤ ያስቡ። «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እየተባባሉ ተከፋፍለው ነበር፣ በማያምኑ ዳኞች ፊት ይካሰሱ ነበር፣ በጌታ እራት ላይ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። ጳውሎስ ይህን ሁሉ እያወቀ ደብዳቤውን ሲጀምር ስለ ተሰጣቸው ጸጋ አምላኩን ያመሰግናል፤ ተግሣጹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በስልክ የሚሰሙት ስብከት መልካም ነው፣ ለታመመና ለራቀ ሰውም በረከት ነው። ነገር ግን ሰባኪው የእርስዎን እንባ አያይም፣ እርስዎም ከጎንዎ ትቀመጥ የነበረችውን እናት የቤት ኪራይ እንዴት እንዳስጨነቃት አይሰሙም። ዕብራውያን 10 መሰብሰባችንን አንተው የሚለው «ለፍቅርና ለመልካምም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ» ካለ በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን የብዙ ወንጌላውያን አዳራሾች በተዘጉ ጊዜ ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሰበሰቡ ነበር። ያን ጊዜ መቅረት ከእስር ያድን ነበር፤ ሆኖም መጡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወደ ታንዛኒያ የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም፤ በ1971 ዓ.ም. ከቀድሞ ኅብረትዎ እምብዛም በማይርቀው በዑራኤል ካገለገሉበት ጉባኤ ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። እኒህን ሰዎች በጉባኤ ያቆያቸው የስም መጥሪያ ደብተር አልነበረም። ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው በሕይወት ያሉት ወደ ፊት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን የ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15 ቃል አምነው፣ ወደው የታሰሩበት ፍቅር ነው።

ስለዚህ ከኅብረቱ መሪ ጋር ለብቻ ይቀመጡና ስምዎ ሲጠራ የተሰማዎትን ይንገሯቸው፣ ገላትያ 5ንም አብራችሁ አንብቡ። ካልሰሙ ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ያቅርቡ። ሽማግሌዎቹም መገኘት ያጸድቃል ብለው ከጸኑ፣ ጸጋ በንጽሕና ወደሚሰበክበት ሌላ አጥቢያ መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ ብቻዎን ግን አይቅሩ።

የጌታን እራት በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27 «ሳይገባው» የሚለውን ነው። እዚያ የተወቀሱት የየራሳቸውን እራት ቀድመው እየበሉ የሌላቸውን ያሳፈሩ ሰዎች ናቸው እንጂ ስለ ድካማቸው ልባቸው የተሰበረ አይደሉም። ቀጥሎ ያለው ትእዛዝም ሰው ራሱን ፈትኖ ይብላ፣ ይጠጣም የሚል ነው፤ ፈትኖ ይራቅ አይልም። በመሪው ላይ ቂም ካለብዎ ይታረቁ፤ እርሳቸው እርቁን ባይቀበሉ እንኳ እርስዎ ከልብዎ ይቅር ብለው ይቅረቡ።