መንገድና ሐዲድ ማኮብኮቢያን ሲያቋርጡ

ወንድሜ፣ «ጂብራልታር ላይ መኪና በአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ያልፋል ወይ?» ላልከው፣ ስፔን ደቡብ ጫፍ ላይ ባለችው በዚያች የብሪታንያ ግዛት ለብዙ ዓመታት ያልፍ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ወይም ሊነሳ ሲል የመንገዱ መብራት ይበራ፣ መዝጊያው ይወርድ፣ ሁሉም ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የነበረው ነው። አስፋልቱ ይጠረግ ነበር። ከመኪና የወደቀች አንዲት ብሎን ሞተር ውስጥ ከገባች አደጋው ቀላል አይደለም።

በፈረንጆቹ 2023 ከማኮብኮቢያው ሥር ዋሻ ተከፈተና መኪኖች ወደዚያ ዞሩ። እግረኛና ብስክሌተኛ ግን አሁንም ከላይ ያቋርጣል። በእኔ እምነት ዋሻው ከስንት ዓመት በፊት መሠራት ነበረበት።

ኒውዚላንድ፣ ጊዝቦርን ደግሞ ማኮብኮቢያውን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ነው። እዚያ ባቡሩ ከመቆጣጠሪያ ማማው ፈቃድ ሳያገኝ አያልፍም።