ምኩራባችን ለሁሉም እንዲመች፦ ስለ እድሳት ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ግንባታ ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ምኩራብ ሲታደስ፣ በተለይ የእኛ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤቶች፣ ከኮሚቴዎች ጋር ፕላን ዘርግቼ ስመክር ዓመታት ተቆጥረዋል። መራመድ ያቃተው፣ ማየት ወይም መስማት የቸገረው፣ በእርጅና ምክንያት ቤት የቀረው ሁሉ ተመልሶ እንዲጸልይ ምን እናድርግ ብላችሁ ጠይቃችኋል። የማውቀውን እነሆ። የሃይማኖት ሕግ የሚነካ ነገር ሲመጣ ግን የመጨረሻው ቃል የቄሳችሁ ወይም የራቢያችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ የምንጸልየው ሚክላት (ከመሬት በታች ያለ የቦምብ መጠለያ) ውስጥ ነው። ደረጃው ቁልቁል ነው፣ መሐል ላይ ደግሞ ይታጠፋል። ሽማግሌዎቻችን መውረድ አቅቷቸው ቀርተዋል። የደረጃ ማሽን እናስገባ?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ወገኖቻችን በ1984 እና 85 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በአንድ ተኩል ቀን ሲገቡ፣ በየሰፈሩ ለጸሎት የተገኘው ቦታ ሁሉ ተወሰደ። ካራቫን (ተንቀሳቃሽ ቤት) የደረሰው ካራቫን፣ ሚክላት የደረሰው ሚክላት። በጊዜው ጥሩ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጎልማሶች ዛሬ ምርኩዝ ይዘዋል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሚክላት ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። ለቦምብ መጠለያ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ኮንክሪት ነው። በር ላስፋ፣ ግድግዳ ልብሳ ብትል የፒኩድ ሃኦሬፍ (መጠለያዎችን የሚቆጣጠረው የሠራዊቱ ዕዝ) ጉዳይ ውስጥ ትገባለህ። ማሽኑ ደግሞ በጠባብ ደረጃ ላይ ሲገጠም መተላለፊያውን ይበላል፣ ሳይረን ጮኾ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲሮጥ አስበው። ከዚያ ይልቅ ማዘጋጃ ቤቱን ከመሬት እኩል ያለ አዳራሽ ጠይቁ፤ የትምህርት ቤት ክፍል ይሁን፣ ማትናስ (የሰፈር ማኅበረሰብ ማዕከል) ይሁን። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በደረጃው ምክንያት የቀሩትን ሰዎች ቁጥር በደብዳቤ አስፍሩ፣ የደረጃውን ፎቶ አያይዙ፣ ከተቻለ አንድ ሁለት ሽማግሌ አብረዋችሁ ይግቡ።

እስከዚያው ግን በትንሽ ወጪ የሚሠራ ሥራ አለ። በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ላይ የማያንሸራትት ቢጫ መስመር፣ ሰንበት ሙሉ የሚያበራ ጠንካራ መብራት። ይህን በሚቀጥለው ሳምንት መጨረስ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው። ከምን እንጀምር?

ከስልክ። መምጣት ያቆሙትን ሰዎች ዝርዝር ያዙና አንድ በአንድ ደውሉ፣ "ምን አስቀረዎት?" በሉ። መልሱ ያስገርማችኋል። አንዱ ደረጃው ይላችኋል፣ ሌላዋ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሌላው "አይሰማኝም፣ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ነው" ይላል። ይህን ሳትሰሙ ኮንትራክተር አትጥሩ።

ቀጥሎ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ጋብዙና ከመኪና ማቆሚያው እስከ አሮን (የኦሪቱ ጥቅልል የሚቀመጥበት) ድረስ አብራችሁት ሂዱ። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ራምፑ (በደረጃ ፈንታ ያለው ተዳፋት) አምሮ ተሠርቷል፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ግን በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ ከበሩ ፊት ደግሞ ለጥ ያለ ቦታ የለም። ዊልቸር ላይ ያለው ሰው በአንድ እጁ በሩን ሊስብ ሲሞክር ጎማው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያንን ደፍ የሚያልፈው ሰው ሲያነሳው ብቻ ነበር። ሴራሚኩም ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው።

ስለዚህ እነዚህን ያዙ። ራምፕ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። 50 ሳንቲ ከፍ ያለ በር 6 ሜትር ራምፕ ይወስዳል ማለት ነው። ላይም ታችም 1 ሜትር ተኩል ያህል ለጥ ያለ ቦታ፣ በሁለቱም ጎን መደገፊያ። በሩ ሲከፈት ከ80 ሳንቲ በላይ የጠራ ስፋት። ደፉ ከተቻለ ዜሮ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዊልቸር ላይ ነው፣ ባር ሚጽዋው (አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ኦሪት ላይ የሚጠራበት ሥርዓት) እየደረሰ ነው። ቢማው (ኦሪት የሚነበብበት መድረክ) ሦስት ደረጃ አለው። ኮሚቴው "ለዛሬ ብቻ ከታች ጠረጴዛ እናደርግለታለን" አለኝ። ልክ ነው?

እህቴ፣ ልጅሽን እንኳን ለዚህ አደረሰው። ኮሚቴው በክፋት አላለውም፤ ግን "ለዛሬ ብቻ" የሚለው ላይ አልስማማም። ልጁ ከነገ ወዲያም ኦሪት ላይ ሊጠራ ነው። በየጊዜው ጠረጴዛ ሲጎተትለት ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ያንን ሁሌ አይችለውም፣ ቀስ ብሎ መምጣት ያቆማል።

ቢማ ላይ ራምፕ ይሠራ ሲባል ሒሳቡን አስሊው፤ 45 ሳንቲ ከፍታ ላለው ቢማ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል፣ ብዙ ትናንሽ ምኩራብ ውስጥ ያን ያህል ቦታ የለም፣ ያለው ደግሞ ወንበሮቹን አንስቶ ነው። ስለዚህ እኔ ሁሌም የምመክረው ቢማውን ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው። ደረጃዎቹ ይነሱ፣ መድረኩ ከወለሉ ጋር ይስተካከል፣ ማንበቢያ ጠረጴዛው ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን፣ ከሥሩም ጉልበት የሚገባበት 70 ሳንቲ ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው። የቢማው ክብር ደረጃው ብቻ አይደለም። በመሐል መቆሙ፣ ጨርቁ፣ እንጨቱ፣ መብራቱ ያከብረዋል። ከዚያ በኋላ ለልጅሽ የተለየ ነገር የለም፤ ሁሉም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያነባል።

ኦሪት ቆሞ ነው የሚነበበው፣ ይህ ይታወቃል። መቆም የማይችል ሰው ግን ተቀምጦ የሚያነብበት መንገድ አለ፣ ራቢያችሁን አሁኑኑ አነጋግሪ። አሮኑንም አትርሱ። መጋረጃው የሚሳብበት ገመድ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ከሆነ ልጁ አይደርስበትም።

ጥያቄ፦ አባባ ዓይናቸው ጠፍቷል። "እኔ እንግዲህ ኦሪት ላይ አልጠራም" ብለው አዝነዋል። እውነት ነው?

እውነት አይደለም፣ ዛሬውኑ ንገራቸው። ሹልሐን አሩኽ (የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ) ማየት የተሳነው ሰው እንዳይጠራ ጽፏል፣ ምክንያቱም የተጻፈውን በቃል ማንበብ አይፈቀድም። ራማ (በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ የጻፈው ራቢ ሞሼ ኢሰርሊስ) ግን እዚያው ላይ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ራቢ ማሃሪልን ጠቅሶ፣ በዘመናችን ማንበብ የማይችል ሰው እንደሚጠራ ሁሉ እሳቸውም ይጠራሉ ብሏል። አንባቢው ያነባል፣ አባባ ይባርካሉ። አካሄዱ እንደየማኅበሩ ስለሚለያይ ከራቢያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጥቂት የሚያዩ ከሆነ ትልቅ ፊደል ያለው ሲዱር (የጸሎት መጽሐፍ) አቅርቡ፣ የፊደሉ መጠን ቢያንስ 18 ነጥብ ይሁን። ብሬይል ለሚያነብ ሰው ነታንያ ያለው የዓይነ ስውራን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ከ1931 ጀምሮ የሚሠራው የአይሁድ ብሬይል ተቋም አለ። መሪ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖርም በር ላይ አትመልሱት። ታላቁ የሃይማኖት ሕግ ሊቅ ራቭ ሞሼ ፋይንሽታይን ራሱ ፈቅዶታል።

ጥያቄ፦ እማማ ጆሮዋ ደክሟል። በሰንበት ማይክሮፎን አንጠቀምም። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ክፍሉን አክሙት። ባዶ ኮንክሪት፣ ሴራሚክ ወለል፣ ትልቅ መስታወት፣ እነዚህ ድምፅን ያስተጋባሉ፤ የመስሚያ መሣሪያ ላደረገ ሰው ሁሉም ነገር ጫጫታ ይሆናል። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ የሚውጥ ሰሌዳ ለጥፉ። ኤሌክትሪክ የለበትም፣ የሰንበት ጥያቄም አያስነሳም። ቄሱ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ደግሞ መብራቱ ፊታቸው ላይ ይረፍ። ብዙ አዛውንት ከንፈር እያዩ ነው የሚሰሙት። ከኋላቸው መስኮት ካለ ፊታቸው ጥላ ይሆናል።

ለአዘቦት ቀን ትምህርትና ስብሰባ ወለሉ ዙሪያ የሚዘረጋ ሽቦ አለ፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ መስሚያ መሣሪያው ይልካል። ወለል ስታድሱ አብራችሁ ቅበሩት፣ በኋላ ማፍረስ ይመጣል። ለሰንበት ግን በአሎን ሽቩት ያለው የጾሜት ተቋም ለሰንበት ተብሎ የተሠራ የማይክሮፎን ሥርዓት አለው። የምትከተሉት ራቢ ይቀበለው እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኛ ሴቶች ፎቅ ላይ ነን። ሊፍት የለም። እናቴ ከወጣች መውረዷ ጭንቅ ነው። ምን እንበል?

እዚህ ላይ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ወንዶቹ የሚገቡበትን በር ብቻ አስተካክሎ "ምኩራባችን ምቹ ሆኗል" ማለት ግማሹን ማኅበር መርሳት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሴቶቹ ምድር ቤት እንዲሆኑ ነው። መሒጻው (መለያው) ከፊት ወደ ኋላ በመሐል ይሂድ፣ ሁለቱም ወገን አሮኑን እኩል ያያል። ሴቶቹን ከኋላ ማስቀመጥ እንደ ሌላ ፎቅ ነው። ደግሞ ከፍታውን ቁጭ ብላችሁ ለኩ። ለቆመች ሴት የሚበቃ መሒጻ ዊልቸር ላይ ላለች ሴት ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ የላይኛው ክፍል ጥልፍልፍ እንጨት ወይም በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ይሁን።

ጥያቄ፦ አዛውንቶቹ ዕብራይስጡን አይከተሉም፣ ወጣቶቹ ግዕዙን አያውቁም። ይህም እድሳት ውስጥ ይገባል?

እንዴታ! ገብቶ ተቀምጦ ምን እንደሚባል የማያውቅ ሰው በር ላይ እንደቆመ ነው። አገር ቤት ቄሶቹ በግዕዝ አንብበው በሕዝቡ ቋንቋ ይተረጉሙ ነበር። በስግድ በዓላችን ላይ ዛሬም እናየዋለን። ያንን ልማድ ሳምንታዊ አድርጉት። የዕብራይስጡን ጸሎት በግዕዝ ፊደል አሳትሙ፣ ትርጉሙን በአማርኛ፣ የሚችል ካለ በትግርኛም። ጫማ የምታወልቁ ከሆነ ደግሞ በር ላይ መደገፊያ ያለው አግዳሚ አስቀምጡ። አንድ እጃቸው ምርኩዝ ላይ ያለ እናት በአንድ እግር ቆመው ጫማ ሊያወልቁ አይችሉም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለው። ሲጮህ ሰው ያፈጥብናል፣ መምጣት ትተናል።

ተመለሱ። ጋባዩን (የጸሎቱን አስተናባሪ) አስቀድሞ አናግሩት። ከበሩ አጠገብ መቀመጫ፣ ከአዳራሹ ጎን ደብዛዛ መብራት ያለው ጸጥተኛ ክፍል፣ ለፉሪም በዓል ጫጫታ የጆሮ መሸፈኛ። ቄሱ አንድ ሰንበት ላይ "ይህ ልጅ የእኛ ልጅ ነው" ብለው ቢናገሩ ማፍጠጡ ያበቃል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን በጎጆ ነው የጸለዩት፣ ራምፕ የሠራላቸው የለም። ለሦስት ሰው ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?

አከብርሃለሁ ወንድሜ፣ ግን አልስማማም። ጎንደር አካባቢ ያሉት የአምቦበርና የወለቃ ጸሎት ቤቶች የሰንበት ሊፍት (ሰው ሳይነካው የሚሠራ) የሚያስፈልጋቸው ፎቆች አልነበሩም፣ ከመሬት በታችም አልተቆፈሩም። ሦስት ሰው ብቻ የምታየው ደግሞ ሌሎቹ መግባት ስላልቻሉ ነው። ኦሪታችን በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታድርግ ይላል፣ ዘሌዋውያን 19፥14። ዕንቅፋቱን ያኖርነው እኛ ነን፣ የምናነሳውም እኛ ነን።

ጥያቄ፦ ሕጉ ያስገድደናል? ገንዘብስ ከየት?

እስራኤል ውስጥ የአካል ጉዳተኞች እኩልነት ሕግ በ1998 ወጣ፣ የተደራሽነት ምዕራፉ በ2005 ተጨመረ። እድሳት ከመጀመራችሁ በፊት ሙርሼ ነጊሹት (ፈቃድ ያለው የተደራሽነት ባለሙያ) ፕላኑን ይየው። ወረቀት ላይ መስመር ማንሳት ኮንክሪት ከማፍረስ ይረክሳል። አሜሪካ ላላችሁ፣ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን ከሕንፃ ግዴታው ነጻ አድርጓል፤ የከተማችሁ የግንባታ ሕግ ግን ሊይዛችሁ ስለሚችል ጠይቁ። ለገንዘቡ የሃይማኖት አገልግሎት ሚኒስቴር ለምኩራብ ግንባታና እድሳት የድጋፍ ጥሪ ያወጣል። ማኅበራችሁ በአሙታነት (ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ) ተመዝግቦ፣ ሒሳቡ ጸድቶ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ መጸዳጃ ቤቱን ለመጨረሻ ብናቆየውስ?

አታቆዩት። የኪፑርን (የስርየት ቀን) ረጅም ጸሎት አስቡት። መጸዳጃ ቤት የማይደርስ ሰው ጠዋት መጥቶ በግማሽ ይመለሳል፣ ወይ ከነጭራሹ አይመጣም። ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል ቦታ፣ ከመቀመጫው ጎን የሚያዝ ብረት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር። ከተሠራ በኋላ ደግሞ መጥረጊያና ትርፍ ወንበር አታጭቁበት፣ ይህን በየሄድኩበት አያለሁ። በሩ ሰንበትም አይቆለፍ፣ ቁልፉ ጋባዩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ሽማግሌው ለመጠየቅ ያፍራሉ።