የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮሌታ ብቻ የምትሰፋው ወጣትና ሌሎች

ለዚህ እትም ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ሆኖ ስላገኘነው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጥያቄው ልብ ያረፈበትን ሙያ ለመያዝ በእጅ ያለውን መልቀቅ ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት ኦፕሬተርነት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ የሸሚዝ ኮሌታ ማያያዝ ነው፤ በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮሌታ በእጄ ያልፋል፤ ሙሉ ሸሚዝ ግን አንድም ቀን ሰፍቼ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ የራሴን ንድፍ አውጥቼ ልብስ መሥራት እመኛለሁ፤ በደብተሬ ላይ የሣልኳቸው ቀሚሶች ከሃምሳ በልጠዋል። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ «ወጣትነትሽን ኮሌታ ላይ አትጨርሺው፤ ልቀቂ» ትለኛለች። ወላጆቼ ደግሞ በየወሩ የምልክላቸውን ገንዘብ ይጠብቃሉ። ምን ይመክሩኛል?
የኮሌታዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ቀልቤን የሳበው የደብተርሽ ሥዕል ሳይሆን «ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም» የሚለው ቃልሽ ነው። ቀሚስ መሣልና ቀሚስ መስፋት ለየቅል ናቸው፤ በወረቀት ላይ ያማረው ወገብ ጨርቅ ላይ ሲመጣ ለምን እንደሚሸበሸብ ለይቶ የሚያውቅና የሚያቃናው ሰው ነው ዲዛይነር የሚባለው። ስለዚህ ልቀቂ ወይም አትልቀቂ ከማለቴ በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። በመጪው የዕረፍት ቀንሽ ከሰልባጅ ተራ ርካሽ የወንድ ሸሚዝ ግዢና ስፌቱን በምላጭ ጫፍ ቀስ እያልሽ ፍቺው። ጨርቁን ሳትቀጂ ከጨረስሽ ሁለቱ የፊት ቁራጮች፣ ጀርባው፣ የትከሻው መደረቢያ፣ እጅጌዎቹ፣ የእጅጌዎቹ ካፍ፣ ኮሌታውና የኮሌታው መቆሚያ ለየብቻቸው ተዘርግተው ታያቸዋለሽ። እያንዳንዱን ቁራጭ ጋዜጣ ላይ አስተኝተሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ፤ የጨርቁ ድር ወዴት እንደሚሄድም በቀስት ምልክት አድርጊበት፤ ድርና ማጉ ሳይጠበቅ የተቆረጠ ልብስ ታጥቦ ሲደርቅ ይጣመማልና። ከዚያ በኋላ በዚሁ ንድፍ አቡጀዲ ቆርጠሽ ሸሚዙን እንደገና ስፊው። እጅጌው እንደሚያስቸግርሽ ከወዲሁ እነግርሻለሁ፤ አናቱ ከሚገባበት የብብት ዙሪያ በትንሹ ስለሚበልጥ ትርፉን ሳያጨማድዱ አቅፎ ማስገባት በአንድና በሁለት ሙከራ አይገኝም። ኮሌታው ግን ሳታስቢው ያልቅልሻል፤ ኮሌታን በከተማው ካሉ ብዙ ልብስ ሰፊዎች ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይህን የምለው የፋብሪካውን ኑሮ ለማሞገስ አይደለም። ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ፣ የሐዋሳ የቤት ኪራይም ከደመወዙ ምን እንደሚያስተርፍ አንቺው ታውቂዋለሽ። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶችን አስተናግዷል፤ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ ቀረጥ ነጻ ዕድል ስትታገድ ደግሞ ትእዛዝ የቀነሰባቸውና ሠራተኛ ለመቀነስ የተገደዱ ፋብሪካዎች እንደነበሩ ከቀደሙሽ ባልደረቦች ሳትሰሚ አትቀሪም። ስለዚህ ሁለተኛ ሙያ መያዝሽ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። መያዣው መንገድ ግን ደመወዙ እየገባ የሚሠራበት መንገድ ቢሆን እመርጣለሁ። ከፈረቃሽ ውጪ በቀን 2 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ብትሰጪው በዓመት ከ500 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ቆርጦ ለመስፋትና የተበላሸውን ፈትቶ ለማቃናት ይህ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ለመኪናው ከባልደረቦችሽ ጋር ዕቁብ ግቢና ዕጣው ሲወጣልሽ ያገለገለ፣ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ግዢ፤ መብራት በጠፋበት ምሽትም ይሠራልሻል። እጅሽ ሲፈታ በተለምዶ ሲኦሲ ለሚባለው የብቃት ምዘና ተመዝገቢ፤ ለምዘናው በልምድ ሙያ የያዘም ሰው ይቀርባል።

የመልቀቂያውን ጊዜ በተመለከተ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ። በዕንቁጣጣሽና በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን የሚመጣ ትእዛዝ ያታልላል፤ በዓል ሲደርስ ሰፊ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። በዓል በሌለባቸው ሦስት ተከታታይ ወራት ከስፌትሽ የተረፈሽ ገንዘብ ደመወዝሽን ከደረሰበት ያን ጊዜ ልቀቂ። ጓደኛሽ በክፋት አልመከረችሽም፤ ሆኖም አሁን ሥራ ብትለቂ የሦስት ወራት የቤት ኪራይ ብቻዋን ትችል እንደሆነ ጠይቂያት።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ አለኝ፤ በዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አባቱን ካጣን ወዲህ ለብቻዬ እንጀራ እየጋገርኩ እየሸጥኩ ነው ያስተማርኩት። ባለፈው ክረምት ኪቦርድ ይዞ መጣና ትምህርቱን አቋርጦ ሙዚቀኛ እንደሚሆን ነገረኝ። ስቆጣው «ሙላቱ አስታጥቄም ኢንጂነሪንግ ትቶ ነው» አለኝ። እውነት ነው?
እናት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ወይዘሮ፣ ልጅዎ አልዋሸም፤ ታሪኩን ግን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞታል። በጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው ሙላቱ ወደ ዌልስ የተላከው በእርግጥም ምህንድስና እንዲማር ነበር። ምህንድስናውን ከተወ በኋላ ግን የሄደው ወደ መድረክ ብቻ አይደለም፤ ለንደን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያም አትላንቲክን ተሻግሮ በቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም እንዲሁ የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሳለ ወደ ሥነ ጥበብ ዞረ፤ የዞረው ደግሞ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች በር ገብቶ ነው። ሁለቱም አንዱን ትምህርት የተዉት ለሌላ ትምህርት ነበር።

የቅዱስ ያሬድንም ነገር ላንሳ፤ እርስዎም ለልጅዎ ሳይነግሩት አልቀሩም። ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀ ደጋግሞ የሞከረውን ትል ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ያሬድ ትሉን ካየ በኋላ ወዴት እንደሄደ ግን ብዙ ሰው አያነሣም። የተመለሰው ትምህርት ወደከበደበት፣ ወደገረፉት መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ነው።

እንግዲህ ልጅዎን «ለምን ትተዋለህ?» ብለው ከሚሟገቱት «ትተህ የት ትገባለህ?» ብለው ይጠይቁት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዲግሪ ያስተምራል፤ ለመግባትም ችሎታ ይፈተናል። ለዚያ ፈተና እዘጋጃለሁ የሚል ከሆነ ሐሳቡ ሐሳብ ነውና ያድምጡት። በሆቴል ባንድ ውስጥ ቦታ ይሰጡኛል ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ባንዱ የሚጫወተው በማታ ስለሆነ ቀን ቀን ክፍል ቢገባ ማንም እንደማይከለክለው ያስታውሱት። ያም ሆነ ይህ ዝም ብሎ ከክፍል እንዳይቀር አደራ ይበሉት፤ ማቋረጥ ግድ ከሆነም በደንቡ ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ ይውጣ፤ እንዲህ ያደረገ ተማሪ በኋላ ለመመለስ የሚያመለክትበት በር ይኖረዋል፤ ጠፍቶ የቀረ ግን ያ በር ይጠብበታል።

አንድ ነገር ከደብዳቤዎ ጎድሎብኛል፤ ልጅዎ ሲጫወት ሰምተውት ያውቃሉ? ምጣዱ ላይ ሳሉ ጆሮዎን ወደ እሱ ጣል ያድርጉ። የሚወደውን ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጫወተ የሚደሰት ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታም ክፉ አይደለም። አንዷን የአንቺሆዬ ሐረግ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ፣ ከዚያ በሁለት እጁ፣ ሲሳሳት እየተመለሰ፣ እርስዎ «በቃህ» እስኪሉት የሚደጋግም ከሆነ ግን ልጁ ሥራ ይዟል። ይህን ፈተና እስከ ዓመቱ መጨረሻ በጸጥታ ይከታተሉት፤ እስከዚያም ትምህርቱን ይቀጥል።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በየጠዋቱ በሐይቁ ዳር እሮጣለሁ። ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ወርቅ ካገኘ እኔም አልዘገየሁም ብዬ ውድ የመሮጫ ጫማ ልገዛ ነው። ተሳስቻለሁ?
ሯጩ መምህር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 መሆኑ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ 12 ዓመት ቀድሞ በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800ና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ነበር፤ ስለዚህ እሱን የዘግይቶ ጀማሪ ምሳሌ ማድረግ አይቻልም። ሐዋሳም 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሯጮቻችን ከሚለማመዱባቸው ከነእንጦጦ በእጅጉ ዝቅ ትላለች። በኦሊምፒክ ፈንታ በየዓመቱ የራስህን ሰዓት ብታሻሽል የተሻለ ግብ ይመስለኛል፤ ለዚህ ደግሞ 29 ዓመት ገና ነው። ውዱን ጫማ ለጊዜው ተወው። የሮጥክበትን ቀን፣ ርቀትና ሰዓት በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ለስድስት ወር መዝግብ፤ በሳምንት አራት ቀን ሳታጓድል ከሞላህው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የጫማ ቁጥርህን ጻፍና ገበያ ውጣ።